«መታፈን» የሚለው ስያሜና መተንፈስ ያልጀመረው ጨቅላ፦ የማስተማሪያ ጽሑፎች ከሊማሊሞ አናት ሲታዩ

ሳያለቅስ የተወለደ ሕፃን ሲያጋጥም በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ታፍኗል» የሚል ነው። በመዝገቡም፣ በሪፈራል ወረቀቱም፣ ለቤተሰብ በሚሰጠው ማብራሪያም ይኸው ቃል ይደገማል። አጭርና ለሁሉም የሚገባ በመሆኑ የሚጠይቀው የለም። ይሁን እንጂ አማርኛ «ማፈን» ሲል የሚያፍን ነገር መኖሩን አብሮ ይናገራል። አፍን የሸፈነ እጅ፣ ቤቱን የሞላ ጢስ፣ ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ ባዕድ ነገር በአእምሮ ይመጣል። «ታፈነ» የተባለውን ሕፃን የሚቀበል ባለሙያም ሳያስተውለው የሚያፍነውን ነገር ፍለጋ ይሠማራል፤ እጁ ከአምቡ ባግ ይልቅ ወደ መምጠጫው ይዘረጋል። በዚህ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ከሕፃኑ የመጀመሪያ ደቂቃ ላይ የሚቀነስ ነው።

በውጭ ቋንቋ የምንጠቀምበት ስያሜም ከዚህ የተሻለ አይደለም። «አስፊክሲያ» የተባለው የግሪክ ቃል በቀጥታ ሲፈታ የደም ሥር ትርታ ማጣት ማለት ነው፤ ስለ ትንፋሽ የሚናገረው ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ባወጣው መሠረታዊ መመሪያ ጉዳዩን በተወለዱበት ጊዜ መተንፈስ አለመጀመርና የተጀመረውን ትንፋሽ ይዞ አለመቀጠል ሲል ነበር የተረጐመው። ይህ ትርጓሜ የሚነግረን ሕፃኑ ያላደረገውን ነው። አማርኛው ግን በሕፃኑ ላይ የተደረገበትን ይነግረናል። ልዩነቱ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሕክምና መጽሔት ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር።

የሥነ ሕይወቱ ነገር የታወቀ ቢሆንም አንድ ነጥብ ደግሞ ማስታወስ ይገባል። የፅንስ ሳንባ በማሕፀን ሳለ የሚሞላው ራሱ በሚያመነጨው ፈሳሽ ነው፤ ኦክስጅን የሚደርሰው ከእንግዴ ልጅ በእትብት በኩል ነው። ሕፃኑ ሲወለድ የመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ትንፋሾች ያንን ፈሳሽ ከአየር ከረጢቶቹ ወደ አካባቢው ሕብረ ሕዋስ ይገፉታል፤ ከዚያም በሊምፍና በደም ሥሮች ይወገዳል። ፈሳሹ በዋነኛነት የሚወገደው ወደ ውስጥ እንጂ በአፍ በኩል አይደለም። እንግዲህ ከአፍና ከአፍንጫ የሚመጠጠው ጥቂት ንፍጥ ሳንባውን የሞላው ፈሳሽ አይደለም፤ ሳንባውን ሊያደርቀው የሚችለው አየር ብቻ ነው። ከ100 ሕፃናት መካከል 85 ያህሉ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ራሳቸው ይተነፍሳሉ፤ 10 ያህሉ ሲደረቁና ሲታሹ ይጀምራሉ፤ ከቀሩት ውስጥ አብዛኞቹ በአምቡ ባግና በማስክ አየር ሲሰጣቸው ይድናሉ። ምጡ ተራዝሞ ወይም እትብቱ ተጨቁኖ ኦክስጅን ያነሰው ፅንስ የመተንፈሻ ማዕከሉ ይደክማል፤ ድካሙ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ እግሩን መምታትም ሆነ ጀርባውን ማሸት አያነቃውም። የዚህ ሕፃን መተላለፊያ ክፍት ነው፤ የጎደለው የሚገባ አየር ነው።

የጤና ባለሙያው የሚዘጋ ነገር በመፈለግ ረገድ ብቻውን አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሕፃን ሲታመም ወይም ጡት አልይዝ ሲል እንጥሉ ወርዶ፣ አብጦ ጉሮሮውን ይዘጋዋል ተብሎ ይታመናል፤ ሳይታነቅ ይቆረጥ ተብሎም እንጥል ቆራጭ ይጠራል። ደም መፍሰስን፣ ቁስለትንና መንጋጋ ቆልፍን የሚያስከትለውን ይህን ድርጊት ለማስቀረት የጤና ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። የእንጥል ቆራጩን ምላጭና የማዋለጃ ክፍሉን መምጠጫ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለአንዳንዶች ከበድ ያለ ንጽጽር ሊመስል ይችላል፤ ጉዳታቸው በእርግጥም አይተካከልም። ከሁለቱ ጀርባ ያለው ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ ሕፃኑ ያልተነፈሰው ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር ስላለ ነው፣ ስለዚህ አንድ መሣሪያ ወደ ጉሮሮው ይግባ። ባለሙያው በቤት ውስጥ የሚያወግዘውን አስተሳሰብ በሥራ ቦታው ሲያከብረው ይታያል።

ለዚህ ልማድ የማስተማሪያ ጽሑፎቹም ድርሻ አላቸው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው «ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት» የተሰኘው ሥልጠና ዝነኛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ የግድግዳ ሥዕል ላይ ውስብስቡን ነገር አቅልሎ አቀረበ፤ «ወርቃማዋ ደቂቃ» የሚለውን አነጋገር አስለመደ፤ ሐኪም በሌለበት አንዲት አዋላጅ ብቻዋን ልትፈጽመው የምትችለውን ተግባር ከሐኪሙ ተግባር ለይቶ አሳየ። በታንዛኒያ በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2013 በታተመው ጥናት ሕፃናት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርሰው ሞት በ47 በመቶ መቀነሱ ተዘግቧል። ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ሆኖም የመጀመሪያው እትም ላላለቀሰ ሕፃን ጭንቅላቱን ማስተካከልን፣ መተላለፊያውን ማጽዳትንና ማሸትን በአንድ ረድፍ ደርድሮ፣ አየር መስጠትን ከእነርሱ በኋላ አስቀመጠ። ሥዕሉን ያየ ተማሪ ማጽዳቱን እንደ ግዴታ፣ አየር መስጠቱን ግን ማጽዳቱ ሳይሳካ ሲቀር እንደሚደረግ የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ቢረዳው ሊወቀስ አይገባም። እዚያው የታንዛኒያ ጥናት ላይ ከሥልጠናው በኋላ ማሸትና መምጠጥ መጨመራቸው፣ በአምቡ ባግ አየር የተሰጣቸው ሕፃናት ቁጥር ግን መቀነሱ ተመዝግቧል። የታሹት ቀድመው ስለነቁ አምቡ ባግ የሚያስፈልጋቸው እንዳነሱ ይገመታል። የመምጠጡ መብዛት ግን በዚህ አይብራራም።

በ2016 የወጣው ሁለተኛ እትም ይህን አርሟል፤ መምጠጥ ሲያስፈልግ ብቻ የሚደረግ ተግባር ሆነ። እርማቱ የተመሠረተበት ማስረጃ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ የነበረ ነው። ኮርዴሮና ሆን በ1971 ካቴተር ወደ ጉሮሮ ሲገባ የሕፃኑ የልብ ምት እንደሚወርድ፣ ትንፋሹም እንደሚቋረጥ አሳይተው ነበር። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዊስዌልና ባልደረቦቹ በ2,094 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት ሜኮኒየም ያለበት ነገር ግን ንቁ የሆነ ሕፃን ቱቦ አስገብቶ መምጠጥ እንደማይጠቅመው ታወቀ። በ2004 ቫይንና ባልደረቦቹ በአርጀንቲናና በአሜሪካ 2,514 ሕፃናትን መድበው፣ ጭንቅላቱ እንደወጣ ትከሻው ሳይወጣ መምጠጥ ሜኮኒየም ወደ ሳንባ ከመግባት እንደማያድን አረጋገጡ። በ2013 ደግሞ አፍንና አፍንጫን በጨርቅ መጥረግ ከመምጠጥ ጋር እኩል ውጤት እንዳለው በ506 ሕፃናት ላይ ተጠና። በ2015 ከሕንድ የወጣው አነስተኛ ጥናት ላልነቃ ሕፃን እንኳ የቱቦው መምጠጥ ጥቅም እንዳልተገኘበት አሳየ፤ ዓለም አቀፉ ምክርም በዚያው ዓመት ተለወጠ። ጽሑፉ ከ1971 እስከ 2016 አርባ አምስት ዓመታት ፈጅቶበታል። እጅ ደግሞ ከጽሑፍ በኋላ ነው የሚታረመው። ዛሬም ሜኮኒየም ሲታይ «መጀመሪያ ይመጠጥ» የሚል አዛውንት ባለሙያ በየጤና ጣቢያው አይጠፋም፤ የተማረውም በዘመኑ ትክክል የነበረውን ነው።

የጊዜውን ዋጋ ለመረዳት በታንዛኒያ በሐይዶም ገጠር ሆስፒታል የተደረገውንና በ2012 የታተመውን ምልከታ ማየት ይበቃል። ተመራማሪዎቹ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሰዓት ይዘው ተከታተሉ። አምቡ ባግ መጠቀም በዘገየ በእያንዳንዱ 30 ሰከንድ የሞት ወይም የከባድ ሕመም ዕድል 16 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። በዚያው ሆስፒታል የአንድ ቀን ሥልጠና በአሻንጉሊቱ ላይ የሚታየውን ችሎታ ቢያሻሽልም በእውነተኛው ወሊድ ላይ ያለውን አሠራር እንዳልለወጠው፣ ለውጥ የመጣው በአጭር በአጭሩ በተደጋጋሚ ልምምድ እንደሆነም ተጽፏል። አሻንጉሊቱ በቁም ሳጥን ተቆልፎ በሚቀመጥበት ጤና ጣቢያ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ብዙ አይፈይድም።

ይህ ሁሉ ከደባርቅ ሲታይ ሌላ ክብደት ያገኛል። ዳባት ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከደባርቅ ጥቂት እንደተሄደ መሬቱ በድንገት ይቆረጥና ሊማሊሞ ይጀምራል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገው ጠመዝማዛ መንገድ ገደሉን ታክኮ ወደ ዛሪማና ወደ አዳርቃይ ቆላ ይወርዳል። ከቆላው ምጥ የጠናባት እናት ወደ ደባርቅ የምትመጣው ይህን ዳገት ወጥታ ነው፤ ከጃናሞራ በኩል የምትመጣዋ መኪና የሚገባበት እስክትደርስ በቃሬዛ ትሸከም ይሆናል። አምቡላንስ መኖሩ እናቲቱን ሊያተርፍ ይችላል። ሳይተነፍስ ለተወለደው ሕፃን ግን የትኛውም አምቡላንስ አይደርስለትም፤ የእርሱ ሪፈራል በአዋላጅዋ እጅና በአምቡ ባጉ መካከል ያለው አንድ ክንድ ርቀት ነው።

የደባርቅ ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ከተወለዱ በኋላ በየደቂቃው ሊደረስበት ይገባል ተብሎ በመመሪያዎች የሚታተመው የኦክስጅን ሙሌት ሠንጠረዥ የተወሰደው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ባሉ ከተሞች ከተወለዱ ሕፃናት ነው። የደጋውን ሕፃን በዚያ ሠንጠረዥ የሚመዝን ባለሙያ ጤነኛውን እንደ ሕመምተኛ ሊቆጥር ይችላል። በደጋው አገር የልብ ምትና የደረት መነሳት ከሠንጠረዡ ይበልጥ የሚታመኑ ምልክቶች ናቸው። በብርዱ ላይም እንዲሁ፤ እርጥብ ሕፃን በሊማሊሞ አናት ሌሊት በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፣ የበረደ ሕፃን ደግሞ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። መመሪያው ማድረቅን ከሁሉ ያስቀደመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደረቅ ጨርቅ ሳያዘጋጁ መምጠጫ ማዘጋጀት ግን በየቦታው ይታያል።

በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የመውለድ መጠን በ2005 (እ.ኤ.አ.) 5 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 26 በመቶ ነበር፤ በ2019 ወደ 48 በመቶ ደረሰ። ከ1,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ2005 39፣ በ2016 29፣ በ2019 33 ነበሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት በናሙና ስሕተት ወሰን ውስጥ ስለሚወድቅ ሞቱ ጨምሯል ማለት አይቻልም። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ተቋም የመጡት እናቶች እጥፍ ሊሆኑ ጥቂት ሲቀራቸው የሕፃናቱ ሞት አለመቀነሱ ግን ግልጽ ነው። እናቲቱ ዳገቱን ወጥታ ከመጣች በኋላ ቀሪው ጥያቄ በክፍሉ ውስጥ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ምን ተደረገ የሚለው ነው።

እስካሁን የተባለው የተዘጋ መተላለፊያ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ግን ሌላ ሕመም ነው፣ ሌላም ጊዜ ይፈልጋል። በአንገት ላይ የወጣ ትልቅ የሊምፍ ከረጢት ወይም ቴራቶማ፣ የማንቁርት ሳይከፈት መቅረት፣ እጅግ ያነሰ መንጋጋና ወደ ኋላ የወደቀ ምላስ፣ የአፍንጫ የኋላ በር መዘጋት የዚህ ወገን ናቸው። ለከባዶቹ የተፈጠረው ዘዴ በእንግዴ ልጅ ደም እየታገዘ የሚከናወነው «ኤግዚት» የተባለው ማዋለድ ነው። ዘዴው በ1990ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው ለሌላ ዓላማ ነበር፤ የድያፍራም ቀዳዳ ላለባቸው ፅንሶች ሳንባ እንዲያድግ ተብሎ በማሕፀን ሳሉ የተዘጋውን የአየር ቧንቧ በወሊድ ጊዜ መልሶ ለመክፈት ነው የታሰበው። ኋላ ለአንገት ዕጢዎችና በ1994 «ኬኦስ» የሚል ስም ለተሰጠው የላይኛው መተላለፊያ ሙሉ መዘጋት ዋለ። እናቲቱ በጥልቅ ሰመመን ትተኛለች፤ ማሕፀኗ እንዳይኮማተር በመድኃኒት ይለዝባል፤ የሕፃኑ ጭንቅላትና ትከሻ ብቻ ወጥቶ እትብቱ ሳይቆረጥ ቱቦ ይገባል ወይም ትራኪዮስቶሚ ይሠራል። ይህ ሁሉ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የዚህ ዘዴ ሥነ ጽሑፍ ያማረ ቢሆንም ለደጋው አንባቢ ሁለት ነገሮችን በጥላ ውስጥ ይተዋል። አንደኛው የእናቲቱ ዋጋ ነው። የለዘበ ማሕፀን የሚደማ ማሕፀን ነው፤ የደም ባንክ በሌለበት ይህን መሞከር አንዱን ለማዳን ሁለቱን ማስያዝ ይሆናል። ሁለተኛው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እትብቱን ሳይቆርጡ መቆየት በራሱ ኤግዚትን እንደሚተካ አድርገው የሚያስቡ አሉ፤ አይተካውም። በተለመደው ወሊድ ሕፃኑ እንደወጣ ማሕፀኑ ይኮማተራል፣ የእንግዴ ልጁም አቅርቦት ይቀንሳል። በአከርካሪ የሚሰጥ ሰመመን ብቻውን ማሕፀንን አያለዝብም፤ በወረዳ ሆስፒታል የሚደረገው የምጥ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በብዛት በእርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የሚተነፍስ ሕፃን እትብት ከአንድ ደቂቃ በፊት አይቆረጥ፤ አምቡ ባግ የሚያስፈልገው ግን ባለሙያው እትብቱ ሳይቆረጥ አየር መስጠት የለመደ ካልሆነ በቀር ተቆርጦ በፍጥነት አየር ይሰጠው።

ከኤግዚት ጽሑፎች ደባርቅ ሊወስደው የሚችለው የቀዶ ሕክምናውን ምዕራፍ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለውንና አዘጋጆቹ ቸኩለው የሚያልፉትን የምርመራ ምዕራፍ ነው። ፅንስ የእንሽርት ውኃ ይውጣል፤ ጉሮሮው ወይም አንገቱ የተጨቆነ ፅንስ መዋጥ ሲሳነው ውኃው ይበዛል። ስለዚህ የሆዷ ከፍታ ከእርግዝናው ሳምንት በላይ የሆነች እናት በጤና ጣቢያ ደረጃ በሜትር ብቻ ትገኛለች። ምክንያቱ መንታ፣ ስኳር ወይም የተሳሳተ ቀን ሊሆን ይችላል፤ የጉሮሮ ሳይሆን የምግብ ቧንቧ መዘጋትም ያንኑ ያመጣል። የሚለየው አልትራሳውንድ ነው፤ የአንገት ዕጢ በቀላሉ ይታያል፣ ማንቁርቱ የተዘጋ ፅንስ ደግሞ ሳንባው ተነፍቶ ነጥቶ፣ ድያፍራሙም ወደ ታች ተገፍቶ ይገኛል። በ2022 የወጣው የአገራችን የእርግዝና ክትትል መመሪያ የግንኙነቶቹን ቁጥር ወደ ስምንት ማሳደጉ ለዚህ ዕድል ይሰጣል። እንዲህ ያለች እናት ምጥ ሳይጀምራት የአንገት በላይ ሐኪምና ሰመመን ሰጪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቆሙ ወደሚችሉበት ቦታ፣ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ መድረስ ይኖርባታል። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የእናቶች ማቆያ ቤት ሐሳብ ለሊማሊሞ ዓይነት መልክዓ ምድር የተፈጠረ ይመስላል፤ ማቆያው ግን ሩቅ ለሆነችው ብቻ ሳይሆን ፅንሱ ላይ ችግር ለታየባትም መሆን አለበት።

ሳይታወቅ የተወለደውስ? እዚህ ላይ መምጠጫው ተገቢ ቦታውን ያገኛል። አየር ሲሰጥ ደረቱ ካልተነሳ ማስኩ እንደገና ይገጠም፣ ጭንቅላቱ ይስተካከል፤ ያም ካልሆነ አፉ ተከፍቶ ይታይ፣ ወፍራም ሜኮኒየም ወይም ደም ካለ ይመጠጥ፤ ከዚያም ጠንከር ተደርጎ ይጨመቅ። ደረቱ ያልተነሳ ሕፃን ነው በእውነት ታፍኗል ሊባል የሚችለው። ሲያለቅስ ቀልቶ አፉን ሲዘጋ የሚጠቁር ሕፃን የአፍንጫው በር ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በአፍ የሚገባ ኤርዌይ ያድነዋል። መንጋጋው ያነሰው በሆዱ ሲተኛ ምላሱ ወደ ፊት ይወድቅለታል፤ ይህ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ከማንቁርት በላይ የሚቀመጠው ማስክ በኡጋንዳ በ1,163 ሕፃናት ላይ በአዋላጆች እጅ ተሞክሮ በ2020 ደኅንነቱ ቢረጋገጥም ከፊት ማስክ የበለጠ ሞትን አልቀነሰም፤ ማንቁርቱ ወይም ከእርሱ በታች ያለው ለተዘጋበትም አይፈይድም።

በመጨረሻ ስያሜው ወደ መዝገብ ይገባል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝብን በሚከታተልበት በዳባት፣ ቤተሰብን ጠይቆ የሞትን ምክንያት መለየት የተለመደ ሥራ ነው። እናት «ታፍኖ ሞተ» ስትል የተጨቆነ እትብት፣ የተራዘመ ምጥ፣ ያልተከፈተ ማንቁርትና ያልተጨመቀ አምቡ ባግ በአንድ ቃል ውስጥ ይቀበራሉ። የማዋለጃ መዝገቡም «ታፍኗል» በሚለው ፋንታ «መተንፈስ አልጀመረም» ብሎ፣ አጠገቡ ሦስት ነገር ቢጠይቅ፦ አየር መስጠት የተጀመረው በስንተኛው ሰከንድ ነው፣ ደረቱ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም፣ የእናቲቱ ሆድ ከሳምንቱ በላይ ነበር ወይስ አልነበረም። ሦስተኛው ጥያቄ የሚመለሰው ከማዋለጃ ክፍሉ ሳይሆን ከወራት በፊት ከተሞላው የክትትል ካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ የሆዷ ከፍታ የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል።